ባዶው ግድግዳ

እኛ አብረን ያደግን አራት ጓደኛሞች ነን። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ የምንገናኝበት ሻይ ቤት አለን። በቅርቡ አንድ እሁድ የሰፈር ልጆች ወደ ጠሩት የወጣቶች ውይይት የሄድነው እንደ ወትሮው ከኋላ ተቀምጠን ለመስማት ነበር።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንደርስ መድረክ የለም፤ የክብር እንግዳም የለም። ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል። ግድግዳው ላይ ሰዓትና ቦታ ብቻ የተጻፈበት ባዶ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። የተሞላው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ «ዙህርና ምሳ» ይላል። «ፕሮግራሙ የታለ?» ብለን አስተባባሪዋን ጠየቅናት። ወረቀትና ማርከር ሰጠችንና «የምትጽፉት እናንተ ናችሁ» አለችን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሃሪሰን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ዓመት ያህል ደክሞ ትልቅ ጉባኤ ያዘጋጃል። ሲያልቅ ግን ተሳታፊዎቹ ከሁሉ የወደዱት የቡና እረፍቱን ነበር። ስለዚህ በ1985 እ.ኤ.አ. ጉባኤውን ራሱን እንደ ቡና እረፍት አደረገው፦ ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ጥያቄ ያለው ጽፎ ይለጥፋል፣ የፈለገ ይከተለዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ የቴክኖሎጂ ሰዎች «ባርካምፕ» ብለው ተመሳሳይ ስብሰባ ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። ከኦወን ሐሳቦች የታወቀው «የሁለት እግር ሕግ» ነው፤ ካለህበት ውይይት ካልተማርክም ካላዋጣህም፣ ተነሥተህ ወደሚጠቅምህ ሂድ።

«ለወጣቱ ዕድል አይሰጡትም» እያልን ስናማርር ኖረናል። ያን ቀን ማርከሩ በእጃችን ሲገባ ግን እርስ በርስ ተያየን። መጀመሪያ አንዲት እህት ተነሥታ «በትንሽ ገንዘብ ልብስ ስፌት መጀመር» ብላ ለጠፈች። ሌላው «ስለ ትዳር ከወላጅ ጋር እንዴት ይወራል?» አለ። ከዚያ ከአራታችን አንዱ ዝም ብሎ ተነሣ። የለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሥራ ሳይኖረኝ ሥራ ልሂድ እያልኩ ከቤት እወጣለሁ። እንደኔ ያለ አለ?»

ቀልድ መስሎን ነበር። አልነበረም። ኮንትራቱ ካለቀ 5 ወር ሆኖታል። በየጠዋቱ ለብሶ፣ የእናቱን ዱዓ ተቀብሎ፣ ቤተ መጻሕፍት ውሎ ይመለሳል። በነዚያ ወራት የሻይ ሒሳባችንን የከፈለባቸው ጁምዓዎች አሉ።

ለእሱ ርዕስ የተመደበው 8 ወንበር ያለው ጥግ ነበር። ከ20 በላይ ሰው መጣ፤ ብዙዎቹ ቆመው ሰሙ። ሦስቱ የእሱ ዓይነት ኑሮ ላይ ነበሩ። አንድ ታላቅ ወንድም ስለ ሰብር ረጅም ምክር ጀመሩ፤ ትልቅ ሰው እየተናገረ መነሣት ነውር ስለሆነብን የሁለት እግሩ ሕግ እዚህ ላይ አልሠራም። አስተባባሪዋ በአክብሮት አስቆመቻቸው። ቀጥላ አንዲት እህት «እናቴ የተቆጣችው ሥራ በማጣቴ አይደለም፤ ብቻዬን በመሸከሜ ነው» አለች። ጓደኛችን አንገቱን ደፋ።

በዚያ ቀን ሥራ አላገኘም። ማታ ግን ለእናቱ ነገራቸው። ያሉትን ለእሱ እንተውለት።

እኛን ያሳፈረን ሌላ ነው። 5 ወር ማለት 20 ያህል ጁምዓ ነው። በእነዚያ ሁሉ ቀናት አብረን ተቀምጠን አንድ ቀን እንኳ አላወቅንም። ለካ የሻይ ጠረጴዛችንም አስቀድሞ የተጻፈ ፕሮግራም ነበረው፦ ኳስ፣ ስልክ፣ የሰው ወሬ። የትኛውም ኮሚቴ የጓደኛችንን ጥያቄ ባነር ላይ አያትመውም ነበር፤ እኛም ቦታ አልተውንለትም። ወላሂ፣ ከጉባኤ አዘጋጆች የባስነው እኛ ነበርን።

ይህን በየሰፈራችሁ ለመሞከር ስፖንሰር አያስፈልግም። ግድግዳ፣ ወረቀት፣ ማርከር፣ ፕላስተር፣ ሰዓት የሚይዝና ንግግር ያስረዘመን በጨዋነት የሚያስቆም አንድ ሰው ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስፈራል፤ አትሙሉት፣ ጠብቁ። የሚጽፈው ሰው ምናልባት አጠገባችሁ ተቀምጧል።