ከጉርዱ በኋላ

በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ጉርድ ፎቶ መኖር አይቻልም ነበር። ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ፣ ለማትሪክ ጉርድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ። ሦስት በአራት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት፣ ሳቅ የሌለበት። ፒያሳ ላይ ከሲኒማ ኢትዮጵያ እስከ ጊዮርጊስ የነበሩት ፎቶ ቤቶች መስኮታቸው ላይ ሙሽራና ተመራቂ ይሰቅሉ ነበር እንጂ፣ የቤት ኪራዩን የሚከፍልላቸው ይኸው ጉርድ ነው።

ማትሪክ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ተቀጠርኩ። ፎቶ አንሺ እሆናለሁ የሚል ሐሳብ አልነበረኝም። ወለል እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ የታጠበ ወረቀት አደርቃለሁ፣ እቆርጣለሁ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ ሙያውን ከአርመኖች ነው የተማርኩት ይላሉ። በዚያ ዘመን የፒያሳ ፎቶ አንሺ ሁሉ ዘሩን እየቆጠረ ቦያጂያን ቤት መድረስ ይወድ ነበር፤ አባትየው ቤድሮስ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ፣ ልጃቸው ቶኒ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የገበያ ወሬ ሳይሆን አይቀርም። የጋሼን እጅ ያየ ግን አይጠራጠርም።

ስለ ጨለማ ክፍል የሚያወራ ሰው ሁሉ፣ ምስሉ ዴቨሎፐር ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ያየበትን ቀን ይተርካል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። በሳምንቱ ይለመድና የሃይፖ ሽታና የወገብ ሕመም ብቻ ይቀራል። እኔን የያዘኝ ሪታቹ፣ ነጋቲቩን በእርሳስ ማስተካከሉ ነው። ከሥሩ አምፖል በሚበራበት ዘመም ያለ መስታወት ላይ ነጋቲቩ ይቀመጣል። እርሳሱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ እንደ መርፌ ይሾላል። ነጋቲቭ ላይ ሁሉም ነገር የተገላበጠ ነው፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር። ወረቀት ላይ ጠቁሮ የሚወጣው የብጉር ጠባሳ እዚህ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቦታ ነው፤ ያንን በነጥብ በነጥብ ትሞላዋለህ። ትንሽ ካበዛኸው ሰውየው ግንባሩ ላይ ነጭ ነቁጥ ይዞ ይወጣል።

«እርሳሱን አስቀምጥ» ይሉኝ ነበር ጋሼ። «ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሳታይ ፊት አትንካ።»

እያየሁ ዋልኩ። የሰው ግራና ቀኝ ፊቱ እንደማይመሳሰል፣ አንደኛው ዓይን ሁልጊዜ ትንሽ እንደሚያንስ፣ አፍንጫ ሥር የሚወድቀው ጥላ ትንሽ ሲረዝም ሰውን እንደሚያስረጅ ያወቅኩት እዚያ መስታወት ላይ ነው። ደንበኛው የሚፈልገው ሌላ ነው። «እስቲ ቀላ አድርጉኝ» የማይል ጥቂት ነበር። ጋሼ «እሺ» ይላሉ፣ ምንም አያደርጉም። ደንበኛውም ፎቶውን ሲቀበል «አሁን ገና!» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል።

ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ከታወጀ ወዲህ ሌላ ዓይነት ደንበኛ በዝቶ ነበር፤ እናቶች። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ጉርድ ያወጣሉ። ከተማሪ መታወቂያ ላይ የተላጠች፣ ጥግዋ ላይ የማኅተም ግማሽ ያረፈባት። «ይቺን አሳድጉልኝ።» ሌላ አይናገሩም፣ እኛም አንጠይቅም። ጋሼ እንደገና አንሥተው ትልቅ ነጋቲቭ ያወጣሉ፤ ማኅተሙን በእርሳስ ማጥፋት የኔ ሥራ ነው። አንደኛዋ እናት ያደገውን ፎቶ ተቀብለው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ እሱ እንዲህ ተኮሳትሮ አያውቅም። ትንሽ ፈገግ አታደርጉልኝም?» አሉኝ።

ጋሼ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «እማማ፣ እሱን አንችልም» አሏቸው። ቀሪውን ሒሳብም አልተቀበሏቸውም።

እኔ የተናደድኩት በደንቡ ነው። ያንን ልጅ አንድ ፎቶ አንሺ በርጩማ ላይ አስቀምጦ «አትሳቅ፣ ቀና በል፣ አትነቃነቅ» ብሎታል። ተነሥቶ ሲወጣ መሳቁ አይቀርም። ያኔ ካሜራው ሥራውን ጨርሷል።

ካሜራ መያዝ ሲፈቀድልኝ ዓይኔ እዚያች ቅጽበት ላይ ተተከለ። «ጨርሰናል» ስትል ትከሻ ይወርዳል፤ የቤቱ ክራባት፣ ያ ለወንዱ ሁሉ የሚታሰረው፣ ይላላል፤ የታፈነ ትንፋሽ ይወጣል፤ ፊት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ችግሩ ፊልም ነው። ያሺካችን በአንድ ባለ 120 ፊልም 12 ጊዜ ነው የሚያነሣው፤ አንዱን ለራሴ ካልኩ የአንድ ሰው ጉርድ በላሁ ማለት ነው። ጋሼ ይህን አይሰሙም። ማታ ላይ ግን፣ ለነገ ጠዋት የተቀጠረ ሰው ካለ፣ ፊልሙ ባያልቅም ወጥቶ መታጠብ አለበት። የተረፉት የኔ ናቸው። ለዚህ ነው የኔ ሰዎች ሁሉ የምሽት ሰዎች የሆኑት፤ ከሥራ የወጡ፣ የደከማቸው፣ አንበሳ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው የሚቸኩሉ። ኋላ ላይ ፎቶዎቹን ያዩ ሰዎች ድካምን ለምን እንደመረጥኩ ይጠይቁኛል። የመረጠልኝ የፊልሙ ትራፊ ነው።

መንገዱን ከልጅነቱ የተጠራበት አስመስሎ የሚያወራ ሰው ብዙም አያሳምነኝም። ፎቶ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ በ1994 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመረቀ፤ የዘይት ቀለሙ ለሰውነቱ አልስማማ ሲለው ብሩሹን ትቶ ካሜራ አነሣ። እየፈረሰች የምትሠራዋን አዲስ አበባንና መቃብር ላይ የደበዘዙትን የሟቾች ፎቶዎች ያነሣልን በአለርጂ ምክንያት ነው ብል አያጣላኝም።

የኛን ቤት መጀመሪያ የቀለም ላብራቶሪዎች አዳከሙት፣ ቀጥሎ ዲጂታል መጥቶ ጨረሰው። በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች እነ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ቤቱ ፎቶ ቤት መሆኑ ከቀረ ቆይቶ ነበር።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል እስክትጀምር ድረስ እኛ ጉርድ አንሺዎች ኤግዚቢሽን የሠዓሊ ነገር ይመስለን ነበር። እኔም ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ወዳጄ ካፌ ውስጥ፣ የትራፊዎቹን ፎቶዎች አሳድጌ ሰቀልኩ። ጋሼን ጠራኋቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ እየተጠጉ አንድ በአንድ አዩ። ጥላ ላይ ቆም ይላሉ፣ ያልፋሉ።

«ይሄ ሁሉ በኔ ፊልም ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

ዝም ብለው ቀጠሉ። ፀጉሯን እየፈታች ወደ በሩ የምትስቅ አንዲት ሴት ፎቶ ፊት ሲደርሱ ረዘም አድርገው ቆሙና በምርኩዛቸው ጠቆሟት።

«ይቺ» አሉ፣ «ቀብድ ከፍላ ቀረች። ጉርዷን እስከ ዛሬ አልወሰደችም።»