ፑተርና የገና ዱላ

የጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች በከረጢቱ እስከ 14 ዱላ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ከነዚህ አንዱ ፑተር ይባላል፤ ዋና ሥራውም ኳሷን በሣሩ ላይ እያንከባለለ ወደ ጉድጓዷ መስደድ ነው። ይህን ስንሰማ ሳቅን፤ ጥቂትም ቀናን። እኛ የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ስንጫወት ያለን ዱላ አንድ ነው። ሩሯን የምንመታትም፣ የምንገፋትም፣ የምንመልሳትም በዚያው ቆልማማ ጫፍ ነው።

የጎልፍ ሰው ራቅ ወዳለ አገር ለጨዋታ ሲሄድ ለዱላዎቹ ጭነት ይከፍላል፤ ቆጣቢ የሆነው የገዛ ፑተሩን ብቻ ይዞ ሌላውን እዚያው ይከራያል። የእኛ ቁጠባ ይብሳል፤ ከአዲስ አበባ የምንሳፈረው ባዶ እጃችንን ነው። ዱላችን ከወይራው ላይ ገና አልተቆረጠም። (ቀርቀሃማ በአገራችን ሞልቷል፤ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ግን ለገና አይበጅም።)

የሚያስጨንቀን የአውቶቡሱ ዋጋ ነው። ዘንድሮ ሦስታችን ያዋጣነው ገንዘብ የሁለት ሰው መሳፈሪያ ብቻ ሆነ። ዕጣ እንጣል ያለ አለ፤ መጽሐፍ እንሽጥ ያለም አለ። የሰፈራችን ልጆች አብዛኞቹ ወደ እግር ኳስ ስለ ዞሩ፣ አንዳችን ከቀረን ቡድኑ አይሞላም። እስከ ትናንት ማታ አልተስማማንም።