እግሯ የታሰረ ዶሮ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ዶሮ ነው። ስለ ዶሮ ወጥ አይደለም፤ 12ቱ ብልት ሳይወጣላት በፊት ግቢ ውስጥ ስለምትኖረው ኑሮ ነው። «ጋዜጠኝነት ተመርቃችሁ ስለ ዶሮ?» የምትሉ አትጠፉም። መቼም ቆቦ አድጎ ስለ ዶሮ አላውቅም የሚል ሰው ወይ ዋሽቷል ወይ ወልዲያ ነው ያደገው።

እኛ ቤት የዶሮ ጉዳይ የእናታችን ነው። በራያ ማሽላውና በሬው በአባወራው ስም ሲጠራ እንቁላሉና ጫጩቱ የሴቷ ነው። የእኛም ደብተር፣ የቤቱም ሳሙናና ቡና የወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ የአንዲት ቄብ ጭንቅላት ተነቁሮ ሲደማ ቤቱ ውስጥ ወሬው ቀላል አይደለም።

ድሮ ገብስማውም ወሰራውም አንገተ መላጣውም እዚያው ግቢ ተፈልፍሎ፣ አንድ ላይ አድጎ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ በጫጩትነቱ ተነጋግሮ የጨረሰ መንጋ ነበር። ጦርነቱ በ2013 ክረምት፣ ደግሞም በነሐሴ 2014 ቆቦ ሲደርስ የብዙ ግቢ ቆጥ ባዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት መንጋው የተሞላው በግዢ ነው፤ ሁለት የሐበሻ ከገበያ፣ ሦስት ሳሶ ከቄብ አሳዳጊ፣ አንዲት ዥንጉርጉር ኮኮክ ከዘመድ። አንዱ ዘሩ ከፈረንሳይ፣ ሌላው ከደቡብ አፍሪካ፣ ሌላው ከዞብል ግርጌ! ዕድሜም መጠንም አይገናኝም።

ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌጂያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ማን ማንን እንደሚነቁር እያየ ሲመዘግብ ኖሮ፣ እንደ ፈረንጆች በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዶሮዎች የመንቆር ተራ እንዳላቸው ጻፈ። አንደኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች፣ የመጨረሻዋን ሁሉም ይነቁሯታል። ተራው ከታወቀ ጠብ ይቀንሳል። አዲስ ሰው ሲገባ ግን ሁሉም እንደገና ይቆጠራል። በዚህ ላይ መጠን ብዙም አይረዳም፤ ቀድማ ግቢውን የያዘች ትንሿ የሐበሻ ዶሮ ትልቋን ሳሶ ስታሯሩጥ ማየት የተለመደ ነው።

እንግዲህ ወደ ገመዱ እንምጣ። እንደምታውቁት አዲስ የተገዛች ዶሮ ቤቷን እስክትለምድ እግሯ ታስሮ ትሰነብታለች። እንዳትጠፋ ነው፤ ነገሩ ልክ ነው። ነገር ግን የዶሮ ጠብ የሚያበቃው ተሸናፊዋ ስትሸሽ ነው። የታሰረችዋ የት ትሽሽ? አሸናፊዋ ደግሞ «አልሄደችም፣ ገና ልትገጥመኝ ነው» ብላ መንቆሯን አታቆምም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ተረት ለእኛ ትርጉም የሰጠን ያኔ ነው። እናታችን አሁን አዲሶቹን በእንቅብ ወይም በሽቦ ከልላ ታስቀምጣለች፤ ይተያያሉ፣ አይነካኩም። ከሳምንት በኋላ በጨለማ ቆጥ ላይ ታወጣቸዋለች። አንዲት ብቻዋን አታስገባም፤ ሁለት ሦስት ሲሆኑ ዱላው ይከፋፈላል።

ደም ከታየ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆር ትወዳለች፤ አንዷ የጀመረችውን ሌሎቹ ተከትለው እስከ ሞት ያደርሱታል። ስለዚህ የደማችውን ወዲያው ማውጣት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ ደሙን ማቆም፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ማጠብ። በቆቦ ሙቀት ዝንብ አይቀርምና ቁስሉን በቀን ሁለቴ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሸተተ ወይም ትል ካበጀ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ነው። እነሱ ዘንድ ቀይነቱን የሚሸፍን ሰማያዊ ርጭት አለ፤ እንቁላሉና ሥጋው ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁ። አረንጓዴ የሚያስቀምጣት ወይም አንገቷ የሚጠማዘዝ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጠብ ላይሆን ይችላል፤ ፈንግል ሊሆን ይችላል፤ የታመመችን ዶሮም ይነቁሯታልና።

የማሽላ ነገርም አለ። በማሽላ ብቻ የምትውል ዶሮ የጎደላትን ከጓደኛዋ ላባ ትፈልጋለች። ትንሽ የኑግ ፋጉሎ፣ ሲገኝ ምስጥ፣ ጥላ፣ ውኃም በሁለት ዕቃ፤ አንዷ አንዱን ብትጠብቅ ሌላው ነፃ እንዲሆን።

በጣም ያከራከረን ግን ማን ይውጣ የሚለው ነው። የእኛዋ ቀይ ዶሮ ገብስማዋን ደጋግማ ስታደማት ጎረቤታችን «ገብስማዋን ሽጧት፣ ደካማ ናት» አሉ። እናታችን «እሷ ምን አድርጋ፣ እትዬ?» አለቻቸው። እኛ በዚህ ከእናታችን ጋር ነን፤ ለዚህም ምክንያት አለን። ተጎጂዋን ብቻ ለሳምንት ብታርቋት ስትመለስ እንግዳ ሆና ከመጨረሻው ትጀምራለች። ስለዚህ ገብስማዋ ቁስሏ እስኪደርቅ ከሽቦው ጀርባ ሆና ከሌሎቹ ጋር ስትተያይ ቆየች። ወደ መንጋው በተመለሰች ዕለት ቀይዋ ጥሬና ውኃ ተቀምጦላት ጥላ ሥር እንቅብ ተደፋባት። ተራዋን ሌሎቹ ሳይጠብቁላት ተከፋፈሉት።

በአራተኛው ቀን እንቅቡ ሲነሳ ቀይዋ በቀጥታ ወደ ውኃው ሄደች። ገብስማዋ ቀድማ እየጠጣች ነበር፤ ቀና ብላ አየቻትና መጠጣቷን ቀጠለች።