የጓዳችን ጀርባ



በቤታችን አንዲት ጠባብ ጓዳ አለች። የጤፉ ጆንያ፣ የሽሮው ባልዲ፣ የዘይቱ ጀሪካን ሁሉ መሬት ላይ ተደራርቦ ስለነበር፣ ባልና ሚስት ተመካክረን ከግድግዳው ጋር የሚያያዝ መደርደሪያ ልንሠራላት ተነሣን።

በመጀመሪያ ጓዳዋን ባዶ ማድረግ ነበረብን። ከጆንያው ጀርባ ነቀዝ የበላው ምስር ወጣ። ከእሱ ጀርባ ደግሞ ሦስት ባለ 5 ሊትር ዘይት ተገኘ፤ አንዱ ጊዜው አልፎበታል። ሁለታችንም ዝም አልን። ዘይት ከገበያ በጠፋ ሰሞን ከታች ያሉት እናት አንድ ብርጭቆ ዘይት እንድናበድራቸው ለምነውን ነበር። “ለእኛም አልቋል” ብለን መለስናቸው። እንዳለን ግን እናውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት በኅብረት ጸሎታችን ላይ ስለ መስጠት መስክረናል።

በዚያ ቀን ሥራው አልቀጠለም። መንፈስ ቅዱስ ወቀሰን። ደህናውን ዘይት ይዘን ወረድንና የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብለው ተቀበሉን። ለቡና የጠሩን ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይቅርታ ቢደረግልንም፣ የጎዳነው መተማመን ጊዜ ይፈልግ ነበር።

በማግስቱ መለካት ጀመርን። ጓዳዋ ከፊት 98፣ ከኋላ 96 ሴንቲ ሜትር ሆነች። ለዓይን ቀጥ ያለ የሚመስለው ግድግዳ ጠማማ ነበርና እያንዳንዱን ጣውላ በየቦታው ለክተን ቆረጥን። በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ቀጫጭን የእንጨት ድጋፎች በውሃ ልክ አስተካክለን በፊሸርና በብሎን አሰርን፤ ጣውላዎቹን በላያቸው አሳረፍን። ጥልቀታቸውን 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ አደረግን። አንዱ ዕቃ ከሌላው ጀርባ እንዲደበቅ አልፈለግንም። መጋረጃም አላደረግንበትም።

ማስቀመጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በዘፍጥረት 41 ዮሴፍ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቷል፤ ረሃብ በመጣ ጊዜ ግን ጎተራዎቹን ከፈተ። በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋም ጎተራውን ሊያሰፋ አሰበ፤ በአሳቡ ውስጥ ግን ከራሱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። የሁለቱ ልዩነት ያለው በበሩ ላይ ነው፤ የአንዱ ለሌላው ይከፈታል፣ የሌላው ለራሱ ብቻ።

አሁን ጓዳችንን ስንከፍት ያለንን እናያለን። “የለንም” ማለትም ከብዶናል። በእናንተስ ጓዳ ጀርባ ምን አለ?

ጌታ ሆይ፣ የደበቅነውን ግለጥልን፤ የሰጠኸንንም የምናካፍልበት ልብ ስጠን። አሜን።