ዱልዱሙ ቢላዋ ያስተማረን

በአንድ የአዲስ አበባ ማዕድ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቢላዋ አይጠፋም፤ የሽንኩርቱ፣ የሥጋውና የዳቦው። በበዓል ዋዜማ ሞረድ የሚያየው፣ ከልጆች እጅ ርቆ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ትልቁ ቢላዋ ደግሞ አራተኛ ይሆናል። እኛ ቤት ካለፈው ዓመት ጀምሮ አምስተኛ አለ። ከእንጨት የተሠራ፣ ጫፉ የተድበለበለ፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዱልዱም ቢላዋ ነው። ሽንኩርት እንኳ አይከትፍም። ለቤተሰባችን ግን ከአራቱ ይልቅ ብዙ ያስተማረው እሱ ነው።

ልጄ 19 ዓመቷ ነው። የማታ ተማሪ ስለሆነች ኦሎምፒያ ላይ ከታክሲ የምትወርደው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የቦሌ መንገድ ገና አልተኛም፤ ካፌው ክፍት ነው፣ መብራት አለ፣ ሰው አለ። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዋ ሌላ ሰፈር ውስጥ ስለት ወጣባትና ስልኳን ሰጥታ ቤቷ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷን የነካት የለም። የእኛ ቤት እንቅልፍ ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ተቀየረ።

ልጄ ራስን የመከላከል ሥልጠና ልመዝገብ ስትል አባቷ አልተዋጠለትም። «ስልኳን ሰጥታ በሰላም የምትገባን ልጅ፣ ታግላ እንድትጎዳ ልታደርጊያት ነው?» አለኝ። አባባሉ ትክክል ነበር። ቴኳንዶን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ከሲድኒው የ2000 ኦሎምፒክ ጀምሮ ይፋዊ የውድድር ዓይነት ነው። ነጥብ የሚያዝበት ግን በእግርና በቡጢ ነው። በውድድሩ ውስጥ ስለት የለም። ሜዳሊያ ያለው ስፖርተኛ እንኳ ጨለማ ውስጥ ቢላዋ ቢመጣበት ምን እንደሚያደርግ ሜዳሊያው አይነግረንም። ስለዚህ አብሬያት ተመዘገብኩ። በ44 ዓመቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኦሎምፒያ ካለ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ በባዶ እግሬ ቆምኩ።

አሰልጣኛችን መጀመሪያ ያስተማረን ስለ መሣሪያው ነው። የልምምድ ቢላዋ በሦስት ዓይነት ይገኛል። የላስቲኩ ስለሚተጣጠፍ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስለማያም ተማሪው ስለቱን በእጁ ጨብጦ መያዝ ይለምዳል። ይህ በእውነተኛ ቢላዋ ላይ ጣት የሚያሳጣ ልማድ ነው። የእንጨቱ ክብደትና ጥንካሬ አለው። የአሉሚኒየሙ በመልክም በክብደትም ወደ እውነተኛው ይቀርባል፤ በዚያው ልክ ዱልዱምም ቢሆን ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ያለ መከላከያ መነጽር አይነካም።

ደንቦቹም ጥቂትና ጥብቅ ናቸው። እውነተኛ ቢላዋ፣ የፍራፍሬም ቢሆን፣ ወደ ክፍሉ አይገባም። ከልምምድ በፊት ሁለቱም ሰዎች መሣሪያውን በእጃቸው ዳስሰው ያረጋግጣሉ። «ቁም» ሲባል ሁሉም ይቆማል። ቢላዋው ደማቅ ቀለም ይቀባል፤ መንገድ ላይ ደግሞ ከቦርሳ አይወጣም። ከአሥር እርምጃ ርቀት እንጨት ይሁን ብረት ማንም አይለይማ!

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጉግስ ፈረሰኞች በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውሩ የለ? የሚሸሸውም በጋሻው ይመክታል። የሚለማመዱት ውጊያን ነው፤ መሣሪያው ግን እንዳይገድል ተደርጓል። ጃፓኖችም የጁዶ ማዕከላቸው ኮዶካን እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው የራስ መከላከያ ስልት ውስጥ ጩቤን አካተዋል። ከ21ዱ እንቅስቃሴዎች 12ቱ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው፣ ሦስት ሦስቱ ደግሞ ለጩቤ፣ ለዱላና ለሽጉጥ ናቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁላችንም አሮጌ ነጭ ቲሸርት ለብሰን እንድንመጣ ተነገረን። አሰልጣኙ የእንጨቱን ቢላዋ ስለት በቀይ ጠመኔ ቀባው። ልምምዱ ቀላል ነው፤ አንዷ ታጠቃለች፣ ሌላዋ ለ30 ሰከንድ ትከላከላለች፤ ከዚያ ቀዩ መስመር ይቆጠራል። እኔ ላይ ሰባት ተቆጠረ። ልጄ ላይ አምስት፤ አንደኛው ከአንገቷ ጎን ነበር። ጠመኔ መሆኑን እያወቅሁ ዓይኔን ከዚያ መስመር ላይ መንቀል አቃተኝ። ቀጥሎ አሰልጣኙ ራሱ ገባ። ከ20 ዓመት በላይ ያስተማረ ሰው ነው። ተቃራኒው ሦስት ቅዳሜ ብቻ የተማረች ቀጭን ልጅ ነበረች። ሲጨርሱ እጅጌውን ሰብስቦ የእጁን አንጓ አሳየን። ሦስት ቀይ መስመር። «ቢላዋ የያዘ ሰው መታገል ማለት ይህ ነው። ቲሸርት ይታጠባል» አለን።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ስለ ርቀት ሆነ። የአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሰልጣኝ የነበረው ዴኒስ ቱለር እ.ኤ.አ. በ1983 እንደጻፈው፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማን፣ ማለትም 6.4 ሜትር ገደማን፣ በ1.5 ሰከንድ ገደማ ይደርስበታል። ይህን ወለሉ ላይ መስመር አስምረን ሞከርነው። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ጠመኔው ሆዴ ላይ ደረሰ።

ስለዚህ የተማርነው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ስጥ፤ ስልኩን ወደ ጎን ወርውረህ አንተ በሌላ አቅጣጫ ሩጥ። መሮጥ ካልተቻለ በመሃል አንድ ነገር አድርግ፤ የቆመ መኪና፣ ወንበር፣ ቦርሳ፣ በክንድ ላይ የተጠቀለለ ጃኬት። መውጫ ከጠፋና ሰውየው የሚፈልገው ንብረት ሳይሆን አንተን ከሆነ ብቻ፣ ስለት የያዘውን ክንድ በሁለት እጅ ይዘህ፣ እየጮኽህ፣ ክፍተት እንዳገኘህ ውጣ። የወር ልምምዳችን አብዛኛው ለዚህ ለመጨረሻው ነበር፤ ያለ ልምምድ አይመጣምና። አሰልጣኙ ግን ሁልጊዜ የሚያስጀምረን ከመጀመሪያው ነው።

ሕጋችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን አያስቀጣም፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ያልተቻለ፣ መከላከሉም ከአስፈላጊው መጠን ያላለፈ መሆን አለበት። መሮጥ የሚችል ሰው መጀመሪያ ይሩጥ።

እናቴ አብራን ትኖራለች። የእንጨቱን ቢላዋ ሶፋ ላይ ያየችው ዕለት አማተበች። «ሴት ልጅ ጩቤ ልትማር ነው?» አለች። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ «እማማ፣ የሚያስተምሩን እኮ መሸሽ ነው» አለቻት። እናቴ ሳቀች። «ታዲያ ለዚህ ገንዘብ ትከፍላላችሁ? ‹ፈሪ ለእናቱ› ሲባል አልሰማችሁም?»

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ለልጆቻችን እንፈቅድላቸዋለን? የ15 ዓመቱ ልጄ አንድ ቅዳሜ አብሮን መጣና ቢላዋውን በአንድ ምት ሊያስጥል ሞከረ። ደረቱ ላይ ሁለት ቀይ መስመር ይዞ ተመለሰ። ማታ ራት ላይ ዝም ብሎ ቆየና «እና ስልኬን ዝም ብዬ ብሰጥ አትናደዱም?» ሲል ጠየቀ። አባቱ እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። ልጁ ለካ ከሌባው እኩል የሚፈራው እኛን ነበር። «ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀው ሰምቶታል። ባለቤቴ «ስልክ ይገዛል። አንተ አትገዛም» አለው። ሥልጠናውን ከዚያች ራት ወዲህ አልተቃወመም።

አሁን የቤታችን ደንብ በግልጽ የተነገረ ነው። ልጄ ታክሲ ስትሳፈር ትደውላለች፤ ከታክሲ ስትወርድ አንዳችን እንቀበላታለን። ሁላችንም 991 ለፖሊስ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ መሆኑን በቃላችን እናውቃለን። ሰው ከተወጋ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ስለቱ ሰውነት ውስጥ ከቀረ ግን አለመንቀል እንደሚገባም ተምረናል።

ልጆቻችሁን ለሥልጠና ብትልኩ፣ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ስለ መሸሽ ይናገር እንደሆነ ጠይቁ። በሳምንት ውስጥ ቢላዋ ማስጣል አስተምራለሁ ካለ ሌላ ፈልጉ። ባትልኳቸው ደግሞ ይህን አንድ ነገር ዛሬ ማታ ንገሯቸው፤ እንዲሰጡ፣ እንዲሮጡ፣ ማንም እንደማይወቅሳቸው። ስልኩን ሰጥቶ፣ እያለከለከ በሩን የሚያንኳኳ ልጅ የእናንተ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስልክህስ?» እንዳይሆን።