የጭስ ማውጫው ጫፍ

ከባድ መኪና ቆሞ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጭስ ማውጫው ጫፍ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ሙዝ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ለመውጣት የሚሰናዱትን መኪኖች በተርታ ብታዩ የአብዛኞቹ ቱቦ ውስጡ ጥላሸት ነው፤ የነካው ጣት ይጠቁራል። አልፎ አልፎ ግን በመሀላቸው የጥላሸት ማጣሪያ የተገጠመለት አዲስ ሞዴል ተሳቢ ይቆማል። የዚህኛው ቱቦ ውስጡ ንጹሕ ብረት ሊሆን ይገባል። ጣት ካጠቆረ፣ ወይ ማጣሪያው ተሰንጥቋል፣ ወይ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሆዱ ተቀዶ ወጥቷል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

የድሮ ሾፌር ጭስ ማንበብ ያውቃል። በፊያት ኤንትሬ ላይ ያደጉት ቀለሙን አይተው ይፈርዱ ነበር፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፣ ነጭ ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ነው፣ አለዚያም በቴስታታው ጓርኒሲዮን ሾልኮ የገባ ውሃ። ለዚህ ንባብ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ዳገት የሚያህል ቦታ የለም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በ37 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሜዳ ላይ ደህና የነበረ ሞተር ዶርዜ ሳይደርስ ማጥቆር ይጀምራል።

አዲሱ መኪና ይህን ምልክት ይደብቃል። ማጣሪያው ጥላሸቱን ስለሚይዘው የሚያፈስ ኢንጄክተር ወይም ዘይት የሚያሾልክ ቱርቦ ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ስካነሩም «ማጣሪያው ተደፍኗል» ይላል። እውነቱን ነው። ማን እንደደፈነው ግን አልተናገረም። ጋሞዎች በሸንጎ ቦታቸው በዱቡሻ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ መጀመሪያ የተነሣውን ተናጋሪ ብቻ ሰምተው አይበተኑም፤ የስካነሩ ኮድም መጀመሪያ የተነሣው ተናጋሪ ነው።

ሌላው ምስክር መኪናው የዋለበት መንገድ ነው። በላንቴና በጫኖ ማሳዎች መካከል በቀስታ እየተንቀሳቀሰ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ እየተጫነ የሚውል መኪና ጭሱ በበቂ አይግልም። የተጠራቀመውን ጥላሸት ደህና አድርጎ ለማቃጠል 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው ረጅም ጉዞ ለማጣሪያው መድኃኒት የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ ግን በምንም ሙቀት አይነድም። ጥላሸት በመንዳት ይጠራል፣ አመድ ማጣሪያው ወርዶ ካልጸዳ አይወጣም። ሁለቱን ያልለየ ሰው በከንቱ ናፍጣ ያቃጥላል።

ደግሞ ሁለቱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ከማጣሪያው ፊትና ኋላ ተነሥተው ግፊት ወደሚለካው ሴንሰር ይሄዳሉ። አንዱ ከተሰነጠቀ ወይም ከተደፈነ ሴንሰሩ የሚለው ሁሉ ሐሰት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ዜሮ መምጣት አለበት፤ ካልመጣ ጥፋቱን ከማጣሪያው በፊት ከሴንሰሩና ከሽቦው መፈለግ ነው። ውዱ ማጣሪያ ርካሽ የጎማ ቱቦ ላጠፋው ሲከፍል ያንገበግበኛል።

ዩሪያን ጋሞ ውስጥ የማያውቅ ገበሬ የለም። በአዲሶቹ መኪኖች የሚሞላው፣ ሾፌሮች አድብሉ የሚሉት ፈሳሽም 32.5 በመቶው ዩሪያ፣ የቀረው የተጣራ ውሃ ነው። በጋለው ጭስ ላይ ሲረጭ መርዛማውን የናይትሮጅን ጋዝ ወደ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጠዋል። ታዲያ የማዳበሪያውን ዩሪያ በውሃ በጥብጦ መሙላት የሚያጓጓው ብዙ ነው። ማዳበሪያው ግን እንዳይጋገር የሚጨመርበት ነገርና ሌላም ባዕድ ነገር ስላለው መርጫውን ይደፍናል፣ ካታሊስቱንም ያበላሻል። ትክክለኛው ፈሳሽም ቢሆን የቆላውን ሙቀት አይወድም፤ 25 ዲግሪ ላይ 18 ወር የሚቆየው 35 ዲግሪ ላይ ዕድሜው 6 ወር ነው። ስለዚህ የናይትሮጅን ሴንሰር ኮድ ሲመጣ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ጄሪካኑ የት ፀሐይ ላይ እንደከረመ ይጠየቅ። መርጫው ዙሪያ የተጋገረ ነጭ ቅርፊትም በዓይን ይታያል።

«ጋሼ፣ ማጣሪያውን አውጣውና እንገላገል» የሚለውን ሾፌር እረዳዋለሁ። ሙዝ አይጠብቅም፤ አንድ ቀን መቆም ትርፉን ሁሉ ይበላል። ነገር ግን ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት ያኔ የሚተነፍሱት በመንገዱ ዳር ማንጎ ዘርግተው የሚውሉት እናቶችና አጠገባቸው የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። መኪናውም አይድንም፤ ማጣሪያው ቢወጣም ኢንጄክተሩ ማፍሰሱን አይተውም፤ ናፍጣው ወደ ሞተር ዘይት እየወረደ ያቀጥነዋል፣ ቀጥሎ የሚበላው ኩሽኔታውን ነው። መቁረጫው ከመነሣቱ በፊት የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ይታይ፣ ይሽተት። ዘይት ሳይጨመር ከፍ ብሎ ከተገኘና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ማጣሪያው ባለበት ይቆይና ኢንጄክተሮቹ ይፈቱ።