ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም

ዛሬ ወደ ማሳ አልወስዳችሁም፤ ከምድጃው ዳር እንቀመጥና ስለ እሳት እንጨዋወት። «የግብርና ሠራተኛ ስለ እሳት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እንጨቱን የሚተክለውም፣ የሚቆርጠውም፣ የሚያደርቀውም ገበሬው ነው። ኩበቱም ቢሆን ማሳው ላይ መዋል የነበረበት ፍግ ነው። ስለዚህ ያገባኛል።

ከወገል ጤና እስከ ላስታ ደጋ ድረስ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ውርጩ ባቄላውን በሚያቃጥልበት ሰሞን ሰውም ከእሳት ዳር አይርቅም። በዚህ ወቅት በየቤቱ ስዞር አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ራት ከተበላ በኋላ ፍሙ በማንደጃ ወይም በገል ይዛቅና ወደ መኝታ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል።

አንዲት እናት «ልጆቹ ጠዋት ሲነሱ ራሴን ራሴን ይላሉ፤ ትንሿንማ አስመለሳት። ብርድ መቷቸው ይሆናል» አሉኝ። እሳቱ የት እንደሚያድር ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ጭስ ያለው እሳት መቼ አስገባለሁ? ጭሱ አልቆ፣ ፍሙ ቀልቶ ነው የማስገባው» አሉ። «እማማ፣ ችግሩ እሱ ላይ እኮ ነው» አልኳቸው። ልጆቹን ጤና ኬላ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ፍሙ ውጭ ያድራል፣ ራስ ምታቱም ቀርቷል።

እኚህ እናት የተናገሩት የብዙዎቻችንን እምነት ነው። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ስለዚህ እንሸሸዋለን። ፍም ግን ምንም ስለማይል እናምነዋለን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፍም ሲነድ፣ በተለይ አየር ሲያጥረው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይንም አያስለቅስም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል እሱ ላይ ይጣበቃል። እህል ልትጭኑበት ያሰባችሁትን አህያ ሌላ ሰው ቀድሞ ድንጋይ ጭኖበት እንደማለት ነው፤ አህያው አለ፣ እህሉም አለ፣ መጫኛ ቦታ ግን የለም። በደጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ከቆላው ያነሰ ኦክስጅን ስለምንተነፍስ ጉዳቱ ይፈጥንብናል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊሄድ ይችላል። በየዓመቱ በብርድና በክረምት ወራት ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች አለቁ የሚል ዜና የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በሩን ክፈቱ፣ ሰውየውን ጎትታችሁ ወደ ንጹህ አየር አውጡት፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ነቃ ብላችሁ እቤት አታስቀምጡት።

«አባቶቻችን ከእሳት ጋር ሲያድሩ ኖረው የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ አዘውትሮ ይቀርብልኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሣር ክዳን አየር ያሳልፋል፤ ጭሱም ጋዙም በሣሩ መሐል እየሾለከ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ያ ቤት ሰው ጎድቷል፤ የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ምስክር ነው። አሁን ግን ቆርቆሮ መትተናል፣ ግድግዳውን በጭቃ አሳምረን መርገናል፣ ከላይ በላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ሠርተናል። ቤቱ ተሻሽሏል፤ መተንፈሻው ግን ተደፍኗል። ኮርኒሱ ደግሞ ፍንጣሪ ከነካው ቶሎ ይቀጣጠላል። ቤታችሁን ስትለውጡ የእሳት ልማዳችሁንም ለውጡ።

ለጠዋት ብለን በአመድ የምንዳፍነው እሳትም ያው ነው። ከአመድ ስር ያለ ፍም አየር አጥሮት ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ መዳፈን ካለባችሁ ማንም በማይተኛበት ማድቤት ይሁን። ማድቤት ከሌላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት እሳቱን ፈጽሞ አጥፉት። መኝታ ማሞቅ ከፈለጋችሁ ውሃ አፍሉና በጀሪካን ክደኑት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከእግር ስር አድርጉ። ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ ውሃው ትንሽ ይብረድ፤ ክዳኑም በደንብ ይጠበቅ። ከፍም የተሻለ ሙቀት ነው ባልልም፣ ገዳይ አይደለም።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ፤ የኔ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ እሳት የሚጀምረው ክብሪት ሲጫር ሳይሆን ከወራት በፊት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን የገባው ባህር ዛፍ ዛሬ የብዙ ቤት ማገዶ ነው። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሱን ስታነዱ መጀመሪያ የምታነዱት ውሃውን ነው፤ ሙቀቱ እሱን በማትነን ያልቃል፣ የተረፈው ጭስ ይሆናል። የደረቀ እንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት።

እንዴት ነው የሚደርቀው? ከአዝመራ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቁረጡ። ባህር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ምሳር ይመልሳል፤ ስለዚህ በቆረጣችሁበት ሰሞን ፍለጡት። ፍልጡን በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ከላይ ክዳን ይኑረው፣ ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁን። እስከ ክረምት መግቢያ ስድስት ወር ያገኛል። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ የደረቀው ኳ ይላል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ልጡም ይላቀቃል። ኩበቱን ደግሞ በተቻላችሁ መጠን ለብስባሽ ተዉት። ጭሱ ከእንጨት ይብሳል፣ መሬታችሁም ይራባል።

ስታቀጣጥሉ በሩን አስቀድማችሁ ክፈቱ። ከስር ደረቅ ቅጠልና ስንጥር፣ ቀጥሎ ጭራሮ፣ ነበልባሉ ሲጠነክር ፍልጡን ጨምሩ፤ አየር እንዲገባ ክፍተት ተዉለት። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ፈጽሞ አትጠቀሙ። በተለይ ፍም ላይ ሲፈስ ተንኖ በአንዴ ይንቦገቦጋል፤ እሳቱ የያዛችሁትን ዕቃ ተከትሎ እጃችሁ ላይ ይደርሳል። የነጠላና የጋቢ ጫፍ ይሰብሰብ።

ከተቻላችሁ ሦስቱን ጉልቻ በተሻሻለ ምድጃ ለውጡ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምጣድ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ እሳቱም ዙሪያውን ስለሚታጠር ለልጆች ይሻላል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ለወጡ እውነት ነው፣ ለሳንባ ግን ያዋጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ክፍት እሳት ትልቅ ጠላት ነው። እሳት ላይ ሲወድቅ «ለሀጩ ከነካኝ ይይዘኛል» ብሎ የሚሸሽ አለ። በሽታው አይተላለፍም። ፈጥናችሁ አውጡት። በሽታው መድኃኒት አለው፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ማንም ቢሆን ከተቃጠለ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። የልብስ እሳት ከያዘ አትሩጡ፤ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ማንደጃውን አንሱና ወደ ውጭ አውጡት፤ ልጆች፣ ከብትና ክምር ከሌለበት ቦታ አኑሩት። ጎረቤታችሁ ፍም አስገብቶ የሚተኛ ከሆነም ሄዳችሁ ንገሩት፤ ነገ እኔ ዞሬ እስክደርስ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ስለ ብስባሽ አዘገጃጀት እንጨዋወታለን። ቸር እንሰንብት።